ከመታየት ወደ ማየት

የተዋናይ ሙያ መታየት ነው። ፊቱ፣ ድምፁና እርምጃው ሁሉ የተመልካችን ዓይን እንዲስብ ሆኖ የተቀረጸ ነው። የዱር አራዊትን ኑሮ በፊልም የሚያነሣ ባለሙያ ግን ሥራው የሚሠምርለት ሳይታይ የቀረ እንደሆነ ነው። ስለዚህም አንድ የቴሌቪዥን ተዋናይ ድርሰቱን አኑሮ፣ ካሜራውን ተሸክሞ ወደ ዱር ሲገባ የሚለውጠው የእንጀራ ገመዱን ብቻ አይደለም፤ ከእውነት ጋር ያለውን ዝምድና ጭምር ነው።

ለዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው ሳይመን ኪንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በናይሮቢ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር ያደገው ይህ ሰው፣ ዕድሜው 10 ዓመት ገደማ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 «ቀበሮው» በተሰኘው የቢቢሲ የቴሌቪዥን ድራማ ተጫውቷል። በኋላ ግን ፊቱን ከትወና ወደ ዱር አራዊት ፊልም አዞረ። እ.ኤ.አ. በ1996 በተጀመረውና ስለ አንበሳ፣ ስለ ነብርና ስለ አቦሸማኔ በሚተርከው ተከታታይ ዝግጅት፣ በኬንያ የማሳይ ማራ ሜዳ ላይ የአቦሸማኔዎችን ኑሮ እየተከታተለ ለዓለም ተመልካች አሳይቷል።

ተዋናይ ቀጥሎ የሚናገረውን ቃል አስቀድሞ ያውቃል፤ በቃሉ አጥንቶታልና። ለአቦሸማኔ ግን ድርሰት የጻፈላት የለም። አድፍጣ ትስታለች፤ ያደነችውን ጅብ ይነጥቃታል፤ አንዳንዴም ቀኑን ሙሉ ከቁጥቋጦ ጥላ ሥር ተኝታ ትውላለች። «ድገሚው» የሚላት አዘጋጅ የለም። ኪንግ በኬንያ ሌዋ በተባለው ጥብቅ ስፍራ፣ ቶኪና ሳምቡ የተባሉ ሁለት እናት አልባ የአቦሸማኔ ደቦሎች አድገው ራሳቸውን ችለው እንዲያድኑ ለማብቃት አብሯቸው ደክሟል። ሳምቡ በአንበሳ ተገደለ። በመድረክ ላይ የሞተ ተዋናይ ትርኢቱ ሲያበቃ ተነሥቶ ለተመልካቹ እጅ ይነሣል፤ ሳምቡ ግን አልተነሣም።

ይህን ልዩነት የዘነጋ ባለሙያ ከሐሰት ላይ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1958 የዋልት ዲስኒ ኩባንያ ያወጣው «ኋይት ዊልደርነስ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም፣ ሌሚንግ የሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት በጅምላ ከገደል እየዘለሉ ሲያልቁ ያሳያል። ፊልሙ የኦስካር ሽልማት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የካናዳ ቴሌቪዥን እንዳጋለጠው ግን፣ እንስሳቱ ከሌላ ስፍራ ተገዝተው የመጡ፣ ወደ ገደሉም በሰው እጅ የተገፉ ነበሩ። በቲያትር ቤት ማስመሰል ነውር የለበትም፤ ተመልካቹ ማስመሰል መሆኑን ዐውቆ ገብቷልና። በዘጋቢ ፊልም ግን የተመልካቹ እምነት ያለ ፈቃዱ ይዘረፋል። እነሆ የዚያ ፊልም ወሬ ብዙ ሰው ሌሚንግ ራሱን የሚያጠፋ እንስሳ ነው ብሎ እንዲያምን አድርጓል።

በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በርካታ ተዋንያን ከመድረክ ወደ ስቱዲዮ ተሻግረዋል። ከስቱዲዮ ወደ ደን የሚወስደው መንገድ ግን ጥቂት እግር ብቻ የረገጠው ነው። በዚህ መንገድ መጓዝ የሚሻ ሰው ብቃቱን የሚፈትንበት ስፍራ ቢፈልግ ጌጫን ሊመርጥ ይችላል። በሸካ ዞን፣ በአንድራቻ ወረዳ የምትገኘው ጌጫ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት በመዘገበው በሸካ ደን ምድር ውስጥ ናት። በደጋው ቀርከሃ፣ ወደ ቴፒ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል ቡና ይገኛል።

ይህ ደን እንደ ማሳይ ማራ ሜዳ ከሩቅ የሚታይ አይደለም። ቅጠሉ ዓይንን ይጋርዳል፤ ዝናቡና ጭጋጉ ካሜራን ይፈትናል፤ ጉሬዛ ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማል። እዚህ የሚሠራ ባለሙያ ማየትን ከመማሩ አስቀድሞ ማዳመጥን መማር አለበት። መምህሩም ከረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅለው የአካባቢው ንብ አንቢ ነው። በሸካቾ ባህል ቆቦ በሚባለው ሥርዓት የደኑ ክፍሎች በባለመብትነት የተያዙ ናቸው፤ ባለመብቱም በድርሻው ቀፎ ይሰቅላል፤ ዛፉንም ይጠብቃል። ይህን ሰው ከፊልሙ ቆርጦ አውጥቶ ደኑን ማንም ያልኖረበት ባዶ ዱር አስመስሎ ማቅረብ፣ ሌሚንግን ከገደል ከመግፋት እምብዛም አይለይም።

ተዋናዩ ወደ ደኑ ባዶ እጁን አይገባም። የአካልን እንቅስቃሴ ማንበብን፣ ዝምታ የሚናገረውን መረዳትን፣ ሰዓቱ እስኪደርስ መታገሥን ከሙያው ተምሯል። ጥሎት መግባት ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የመታየት ፍላጎቱ ነው። ፊልሙም ከተጠናቀቀ በኋላ ለአዲስ አበባ ተመልካች ከመቅረቡ በፊት በጌጫ፣ በንብ አንቢዎቹ ፊት ሊታይ ይገባል። ከእነርሱ መካከል አንዱ ተነሥቶ «ጉሬዛ እንዲህ አያደርግም» ያለ እንደሆነ፣ ከማናቸውም የጥበብ ሐያሲ በፊት ሊደመጥ የሚገባው የእርሱ ቃል ነው።