የሎሚው ቅጠልና የዘጌ ቢራቢሮዎች

በ2009 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በባሕር ዳር በሚገኘው ቤታችን ደጃፍ ሥሩ እንደ ሽንኩርት ድቡልቡል የሆነ አበባ ተከልን። ይህ አበባ የአገራችን የዱር ተክል ነው፤ በውጭ አገር የአትክልት ቦታዎች «የአቢሲንያ ግላዲዮለስ» እየተባለ ይታወቃል። ሥሩን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥልቀን የቀበርነው ልጆቻችን ቢራቢሮ በደጃቸው እንዲያዩ አስበን ነበር።

በነሐሴ ወር ነጩ አበባ እምብርቱ ወይን ጠጅ ቀለም ይዞ ፈነዳ። ነገር ግን ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ቢጠብቁ አንዲት ቢራቢሮ አልመጣችላቸውም። ኋላ እንደ ተረዳነው፣ የዚህ አበባ መዓዛ የሚበረታው ሲመሽ ነው። ማሩም ከ10 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቀጭን ቱቦ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ዋና እንግዳው ረዥም ምላስ ያለው የእሳት እራት እንጂ የቀን ቢራቢሮ አይደለም።

በመስከረም 2010 ዓ.ም. ልጆቻችንን ይዘን በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። ዘጌ በጣና ሐይቅ ዳር ያለ፣ በደን የተሸፈነ ባሕረ ገብ ምድር ነው። በጥንቱ ሥርዐት በበሬ አይታረስበትም፤ የሕዝቡም ኑሮ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ የቆየ ነው። ከጀልባው እንደ ወረድን፣ ጥቁር ክንፋቸው በቢጫ ነጠብጣብ ያጌጠ ቢራቢሮዎች በእርጥቡ ጭቃ ላይ ሰፍረው ጨዋማውን ውሃ ሲመጥጡ አየን።

በመንገዳችን ላይ ቡናቸውን ይኰተኵቱ ለነበሩ አንድ አዛውንት ሰላምታ ሰጥተን፣ «አባቴ፣ ይህን ሁሉ ቢራቢሮ የሳበው የትኛው አበባ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«አበባውስ ምግባቸው ነው፣ መምህር፤ ልጆቻቸው የሚያድጉት ግን እዚህ ነው» ብለው ከአጠገባቸው ከነበረው ሎሚ አንድ ቅርንጫፍ ዝቅ አደረጉልን። በቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለች ትንሽ ትል፣ ከእርሷም ከፍ ብላ አድጋ አረንጓዴ የሆነች ሌላ ትል ነበረች። ትልቋን በሣር ቢነኳት ከራሷ ላይ ብርቱካንማ ቀንድ አውጥታ ሽታዋን ለቀቀች።

ይህን ጊዜ ታናሿ ልጃችን፣ «አባባ፣ እነዚህን እኮ እኛ ቤት ረግጠን ገድለናቸዋል» አለች።

መልስ አጣን። የቢራቢሮን የዕድገት ደረጃዎች፣ ዕንቍላሉን፣ ትሉን፣ ሙሽራውንና ባለ ክንፉን፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልን ብዙ ዓመት አስተምረናል። በገዛ ሎሚያችን ላይ ግን ልጆቻችንን ትል አስለቅመናል። በአንድ እጃችን የጠራነውን እንግዳ በሌላው እጃችን ገድለነዋል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሎሚ ላይ መርዝ አንረጭም። ትሎቹ ገና ለጋ የሆነውን ችግኝ እንዳይጨርሱት ወደ ትልቁ ዛፍ እናዛውራቸዋለን፤ የጠነከረ ሎሚ ጥቂት ቅጠል ቢበላበት አይጐዳምና። በዚያው ዓመት በጥቅምት፣ አንዲት ትል ወገቧን በክር ከቅርንጫፉ ጋር አስራ፣ ቅጠል መስላ ቆየች። አንድ ማለዳም ታናሿ ልጃችን ሮጣ መጥታ ቀሰቀሰችን። ስንወጣ፣ ባለ ቢጫ ነጠብጣቧ ቢራቢሮ እርጥብ ክንፏን በፀሐይ ታደርቅ ነበር።