ደረጃ የማይወጣ ገበያተኛ

ራያ ቆላ ውስጥ ሰው ለገበያ ብሎ ተራራ ይወርዳል እንጂ ደረጃ አይወጣም። ከዞብል ወገን በሌሊት ተነስቶ፣ ፍየሉን እየነዳ፣ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲመጣ ድካም የማያውቀው ሰው፣ እዚያ ፎቅ ላይ ሸሚዝ በርካሽ ይሸጣል ቢሉት ሽቅብ አንጋጦ ያይና «እዚሁ ታች የለም?» ይላል። ይህን ያወቅኩት ከጥናት አይደለም፤ ዋጃ መንገድ ዳር በማደጌ ነው።

ነገሩ እንደ ቁም ነገር የተነሳው የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሚኒሶታ የሕንፃ ሥዕል በቴሌግራም ሲልክልን ነው። ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ዋጃ ላይ ያለችውን የቤተሰብ ቦታ ሞል ሊሠራባት አስቧል። ባለ አራት ፎቅ፣ ፊቱ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት። ሥዕሉ ላይ የሚንሸራሸሩት ሰዎች ሁሉ ፈረንጆች ናቸው፤ አንዷ እንዲያውም ውሻ ይዛለች። አጎቴ ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩና «መልካም ነው። ደረጃውን ማን ይወጣዋል?» አሉ።

ልጃቸው ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ቆጠረው። እኔ ግን ጥያቄው ስለከነከነኝ ሞል የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ። (ከአንድ አዋጃችን በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ነገሩም የፈረንጅ ነውና።)

መጀመሪያ የገረመኝ፣ ዙሪያውን የተዘጋው፣ አየሩ በማሽን የሚቀዘቅዝና የሚሞቀው ሞል የተወለደው እዚያው ሚኒሶታ፣ ለአጎቴ ልጅ ጎረቤት በሆነችው ኢዳይና በምትባል ከተማ መሆኑ ነው። ሳውዝዴል ይባላል፤ የተከፈተው በጥቅምት 1956 ነው። የነደፈው ቪክቶር ግሩን ግን አሜሪካዊ ሆኖ አልተወለደም። የቪየና ሰው ነው፤ አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች አገሩን ሲይዙ በ1938 ተሰድዶ ኒውዮርክ ገባ። አሜሪካኖች ከመኪና ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ መኪና ብቻ ሲመላለሱ አይቶ አዘነላቸው። እሱ የለመደው ሰው በእግሩ የሚንሸራሸርበትን፣ ቡና ይዞ የሚያወጋበትን፣ ሳይገዛ የሚውልበትን ከተማ ነበር። ስለዚህ በሳውዝዴል እቅዱ ላይ ከሱቆቹ ሌላ መኖሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ ሕክምና፣ መናፈሻና ሐይቅ ጭምር አስገብቶ ነበር። ባለገንዘቦቹ ሱቆቹንና መኪና ማቆሚያውን ሠሩለት። ሌላው ወረቀት ላይ ቀረ።

ሞል ወዲያው እንደ አሸን ፈላ። ለዚህ ደግሞ የገዢው ፍላጎት ብቻ አይደለም ምክንያቱ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1954 ያወጣው የግብር ሕግ፣ አዲስ የንግድ ሕንፃ የሠራ ሰው የሕንፃውን እርጅና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አፋጥኖ ከግብሩ እንዲቀንስ ፈቅዶለት ነበር። ገበያተኛ ቢመጣም ባይመጣም መሥራቱ በራሱ ያዋጣል ማለት ነው። ግሩን በእርጅናው ዘመን ወደ ቪየና ተመለሰ፤ በ1976 ከቪየና በስተደቡብ አንድ ግዙፍ የገበያ ማዕከል እዚያም ተከፈተበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ ባደረገው ንግግር እነዚህ ሞሎች ልጆቼ አይደሉም፣ ቀለባቸውንም አልቆርጥም በሚል መንፈስ ካዳቸው። አባት ልጁን ሲክድ በእኛ አገር ሽማግሌ ይገባ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ወረቀት ላይ የቀረበትን ነገር አስቡና የዋጃን ገበያ ተመልከቱ። እህል ተራው ላይ ነጭና ቀይ ማሽላ በየጆንያው አፉን ከፍቶ ተደርድሯል፤ ገበሬው ደጋሊት የሚባለውን ዘር ጅጉርቴ ከሚባለው ከሩቅ ይለያል። ወዲያ ከብት ተራ፣ ወዲህ በርበሬ ተራ፣ ከመስኖ የመጣው ሽንኩርትና ቲማቲም ደግሞ መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ። እዚያ መሀል አንዲት ሴት ማሽላ ስትሰፍር ልብ ብላችሁ እዩ። ጣሳውን ጆንያው ውስጥ ሰድዳ ታወጣዋለች፣ አፉን በመዳፏ ከብባ እህሉ ከአናቱ እንዳይናድ እየደገፈች ቁልል ታደርገዋለች፣ ከዚያ ወደ ገዢዋ ከረጢት ትገለብጠዋለች። ገዢዋ ከረጢቱን አትዘጋም። «መርቂልኝ እንጂ እታለም!» ትላለች። ሻጯ «ምኑን ልመርቅልሽ፣ ሞልቼ ሰፍሬልሽ!» እያለች እፍኟን ትጨምራለች። እፍኙ ሒሳብ ውስጥ የለም፤ ያለ እፍኙ ግን ግዢው አልተፈጸመም። በዚያች እፍኝ መሀል የልጅቷ ሠርግ መቼ እንደሆነ ይጠየቃል፣ የታመመው አባት እንዴት እንዳደረ፣ ዝናቡ ላይኛው ሰፈር ጥሎ እንደሆነ ይነገራል።

ወንዶቹ ደግሞ ጥላ ፈልገው ተቀምጠዋል። ዕዳ የሚጠየቀው፣ ልጃገረድ የምትታየው፣ የጠፋ በሬ የሚነገረው እዚያ ነው። ደም የተቃባን ሰው የሚያስታርቁት የዘወልድ ሽማግሌዎችም ሥራቸው ሌላ ቦታ ቢሆን እንኳ፣ ማን ለዕርቅ ልቡ እንደለዘበ ወሬው ወደ ጆሯቸው የሚደርሰው በገበያ ነው። ድሮ የንጉሥ አዋጅም ነጋሪት ተመትቶ የሚነገረው በገበያ ቀን ነበር፤ መንግሥት ሳይቀር ሰው የት እንደሚገኝ ያውቅ ነበር። አሜሪካኖች አሁን በብዙ ገንዘብ አማካሪ ቀጥረው «ቅይጥ አገልግሎት ያለው የማኅበረሰብ ማዕከል» እያሉ የሚፈልጉት ይህንን ነው። እኛ ዘንድ ጣሪያ ብቻ ነው የጎደለው። ጣሪያ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ የራያን የግንቦት ፀሐይ ያየ ያውቀዋል፣ መጸዳጃ ፍለጋ የተንከራተተች ሻጭማ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ስለዚህ የድሮው ይሻል ነበር ብዬ እንደማላለቅስ ይታወቅልኝ።

ከተማ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የአዲስ አበባ ዋና ገበያ መጀመሪያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ ወንጀለኛ የሚሰቀልበት ዛፍ ሳይቀር እዚያው ነበር። ጣሊያን ሲገባ ነጭና ጥቁርን ለመለየት ባወጣው ፕላን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ መርካቶን አቆመ። መርካቶ ግን የተሰጣትን ፕላን ረስታ ወደ ተራዋ ተመለሰች፤ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ቆየት ብሎ ፎቅ መጣ። ነጋዴው ይዞታውን ላለማጣት በአክሲዮን እየተደራጀ ሠራ፤ ባለሀብቱም ሠራ። የሊዝ አዋጁ፣ ቁጥር 721/2004፣ ቦታ የወሰደ ሰው በጊዜው ጀምሮ በጊዜው እንዲጨርስ ያስገድደዋል፤ አለዚያ ቦታው ይነጠቃል። ብር በባንክ ሲቀመጥ እየሟሸሸ፣ በሲሚንቶ ሲቀመጥ ግን እያበጠ ይሄዳል። እዚህም እንደ አሜሪካው ሕንፃውን ያቆመው ደንብ እንጂ ገበያተኛ አይደለም።

ውጤቱን ለማየት ከቦሌ እስከ መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች ወደ አንዱ መግባት ይበቃል። ምድር ቤቱን ባንክ ይዞታል፤ ባንክ ደረጃ አይወጣም፣ የሚከፍለው እሱ ነውና። አንደኛ ፎቅ ላይ ጫማና ሂውማን ሄር። ሁለተኛው ላይ መስታወት የለበሱ ጠባብ ክፍሎች፣ ራስ የሌላቸው አሻንጉሊቶች፣ መስታወቱ ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ። ሊፍቱ ላይም ወረቀት አለ፤ ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ። ተስፋ ቆርጣችሁ ካልተመለሳችሁ ግን ከዚያ በላይ ሕይወት አለ። ሦስተኛው ላይ ኮሌጅ፤ ነጭ ጋውን የለበሱ የነርስ ተማሪዎች ኮሪደሩን ሞልተውታል። አራተኛው ላይ የጥርስ ክሊኒክ። ከዚያ በላይ የጸሎት አዳራሽ፣ ጂም፣ ጣሪያው ላይ ሠርግ የሚደገስበት ምግብ ቤት። ይህን ያቀደ አርክቴክት የለም። አከራዩ ተከራይ ሲያጣ የመጣውን አስገባ፤ ከገበያ ተነጥለው የቀሩት ነገሮችም በጓሮ ደረጃ ተመልሰው ገቡ።

አሜሪካም ቢሆን ከዚህ የተለየ ጥበብ አላገኘችም። ፕሮቪደንስ በምትባለው ከተማ በ1828 የተሠራ ባለ ሦስት ፎቅ የገበያ አዳራሽ አለ፤ ገዢ ሽቅብ መውጣት ስለሚታክተው የላይኞቹ ሱቆች ከጥንት ጀምሮ ሲቸገሩ ኖረዋል። በ2013 መፍትሔ ተገኘ፤ ሁለቱ የላይ ፎቆች ጠባብ ጠባብ መኖሪያ ሆኑ፣ ሱቁ ታች ቀረ። አጎቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሱትን ለመረዳት 185 ዓመት ፈጀ። ናሽቪል ውስጥ አንድ የደከመ ሞል ፎቁን ለቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ክሊኒኮች ሰጠ። ኦስቲን ውስጥ ሃይላንድ ሞል ኮሌጅ ሆነ። ራሱ ሳውዝዴልም ከትልልቅ መደብሮቹ አንዱ በ2017 ሲዘጋ ቦታውን ለስፖርት ማዘውተሪያና ለጋራ ቢሮ ሰጥቷል፤ አጠገቡም መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል። የግሩን ወረቀት ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በችግር ምክንያት፣ መሬት ነካ። የአጎቴ ልጅ በየሳምንቱ የሚሄደው ግን ሳውዝዴል አይደለም። እዚያው አጠገብ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ ሶማሌዎች የሚነግዱበት ካርሜል ሞል ነው፤ ሱቁ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ መስጊዱ ባንድ ጣሪያ ሥር ነው። «ለምን እዚያ ትሄዳለህ?» ስለው «ሰው አለ» አለኝ። ለዋጃ የላከው ሥዕል ግን የሳውዝዴልን ዓይነት ነበር።

አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። የሞተን ሞል በኮሌጅና በክሊኒክ ሞልቶ «ማኅበረሰብ» ማለት ይቀላል፤ ገበያ ውስጥ ግን ሰው ሳይገዛም ሳይማርም ሳይታመምም ይቀመጣል፣ ማንም አይጠይቀውም። ፎቅ ውስጥ እያንዳንዷ ካሬ ሜትር የሚከፍልላት ትፈልጋለች፤ ኮሪደር ላይ ትንሽ የቆመ ሰው ዘበኛው «ምን ፈልገህ ነው?» ይለዋል። የዋጃ ሽማግሌ በካሬ ስንት ይከፍላል? ለዚህ ኢዳይናም ቦሌም መልስ ሲሰጡ አላየሁም።

ይህን ሁሉ ሰብስቤ ለአጎቴ አወራኋቸው። ገዢ እንደማይወጣ፣ ተማሪና በሽተኛ ግን እንደሚወጣ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ። የልጅ ልጃቸው ለኮሌጅ ከቤት ርቃ ቤት ተከራይታ እንደምትኖር አውቃለሁ።

«ኮሌጁን ስንተኛው ላይ ታደርጉታላችሁ?» አሉ።

«አያ፣ ደረጃውን ማን ይወጣዋል ብለው አልነበረም እንዴ?»

«እሱ ለሸሚዝ ነው ልጄ። ለትምህርት ከሆነ አራተኛውም አይበዛ።» ከዚያ ጣታቸውን እየቆጠሩ ዘረዘሩልኝ፤ ታች እህል ተራ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ ከነመቀመጫው፣ ኪራይ የማይጠየቅበት፤ በስተጓሮ መጸዳጃና ቧንቧ፣ የሴቶቹ ለብቻ፤ ሰማያዊው መስታወት ይቅር፣ ሰው ይቀቅላል። ሁሉንም ለልጃቸው ጻፍኩለት፤ በመስታወቱ ነገር አሁንም እየተከራከረ ነው። ክሊኒኩን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብናደርገውስ ብዬ ስጠይቃቸው ደግሞ አጎቴ በቁጣ አዩኝ። «በዚህ ጉልበቴ? እሱን ከማሽላው ጎን አድርጉት።»