የአክስት አድራሻ

«ትምህርት ቤቱ ስንት ነው?» ዋሽንግተንና አካባቢዋ ቤት ሊከራይ የተነሳ ሐበሻ ከኪራዩ ቀጥሎ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ዚሎው በተባለው የቤት መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ከቤቱ ፎቶ ዝቅ ብሎ ግሬትስኩልስ የተባለው ድርጅት ለየትምህርት ቤቱ ከ1 እስከ 10 የሚሰጠው ቁጥር አለ። «ዘጠኝ ነው» ከተባለ ኪራዩ ለምን እንደተወደደ ማንም አይጠይቅም። «ሦስት ነው» ከተባለ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ስልኩ ይዘጋል። ቁጥሩ በአብዛኛው የሚወጣው ከፈተና ውጤት ነው፤ የፈተና ውጤት ደግሞ ከወላጅ ገቢ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ዘጠኝ የሚለው ቁጥር የመምህራኑን ብርታት ያህል የሰፈሩን ደመወዝም ይናገራል። ሦስት በተባለው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ገና ለሚኮላተፍ ልጅ ከሰዓት በኋላ እየቆየች የምታስጠና መምህርት ልትኖር ትችላለች። እሷን የሚያሳይ ቁጥር ስልኩ ላይ የለም።

* * *

አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ ነው፤ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚደርስህ የሚወስነው ግን የምታድርበት ቤት ነው። ከበጀቱ ትልቁ ድርሻ የሚመጣው በየአካባቢው ከሚሰበሰበው ግብርና ከስቴቱ ሲሆን፣ የአካባቢው ግብር በዋናነት የቤትና የመሬት ግብር ነው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ1973 (እ.ኤ.አ.) በቴክሳሱ የሮድሪጌዝ ክርክር፣ በትምህርት ዲስትሪክቶች መካከል ያለው የገንዘብ ልዩነት የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት አይጥስም ተባለ። በዓመቱ በ1974 ደግሞ በዲትሮይቱ የሚሊከን ክርክር፣ የከተማዋን ልጆች ከዙሪያዋ ዲስትሪክቶች ልጆች ጋር ለማቀላቀል የወጣው ዕቅድ ተሰረዘ። ሁለቱም የተወሰኑት 5 ለ 4 ነበር። የአንድ ዳኛ ድምፅ ቢገለበጥ ኖሮ፣ ዛሬ በየሰፈሩ ስለ አድራሻ የሚወራው ወሬ መልኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ገንዘብ ያለው ሰው ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ቤት ገዝቶ ሲገባ «ለልጆቹ ብሎ ነው» እንላለን፤ እንመርቀዋለን። የሌላት እናት ልጇን ለማስመዝገብ የእህቷን አድራሻ ስትጽፍ ደግሞ «አጭበረበረች» ትባላለች። ሕጉ ሁለቱን የሚለያቸው በምክንያት ነው፤ ያንን አውቃለሁ። የሁለቱም ፍላጎት አንድ መሆኑን ግን ማንም ሊያስተባብለኝ አይችልም።

* * *

ኬሊ ዊሊያምስ-ቦላር በኦሃዮዋ አክረን ከተማ ከልዩ ፍላጎት ተማሪዎች ጋር የምትሠራ ረዳት መምህርት ነበረች። ሁለት ሴት ልጆቿን በአባቷ አድራሻ ኮፕሊ-ፌርላውን በሚባለው አጎራባች ዲስትሪክት አስመዘገበች። ዲስትሪክቱ የግል መርማሪ ቀጥሮ አስከተላት፤ ልጆቹን ከየት ተነሥታ እንደምታደርስ ተቀረጸ። በጥር 2011 ሰነድ በማዛባት ወንጀል ጥፋተኛ ተብላ 9 ቀን ታሰረች። ዲስትሪክቱ የጠየቃት ያልተከፈለ የትምህርት ክፍያ ወደ 30,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። መምህርት ለመሆን ትማር ስለነበር፣ የወንጀሉ ደረጃ የወደፊት ሥራዋንም የሚያሳጣት ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም የኦሃዮ አገረ ገዢ ጆን ኬሲክ ጥፋቱን ወደ ቀላል ወንጀል ዝቅ አደረጉላት።

ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የሚከነክነኝ የመርማሪው ነገር ነው። ሕፃናትን በጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የምትወስድ እናት ላይ ካሜራ ይዞ እንዲያደባ ለሰው ተከፈለው። ያ ገንዘብም የወጣው ከትምህርት በጀት ነው።

* * *

ኢስተርን አቬኑ ዲሲን ከሜሪላንድ የሚለይ መንገድ ነው። ታኮማ አካባቢ ቆመህ ብታየው በዚህ በኩል ያለው ቤት ዲሲ፣ በዚያ በኩል ያለው ሜሪላንድ ነው። በዲሲ በኩል ያለች የሦስት ዓመት ሕፃን፣ የወላጇ ገቢ ምንም ይሁን ምን፣ ለነፃው ፕሪ-ኬ (ቅድመ መዋለ ሕፃናት) ማመልከት ትችላለች፤ ከተማዋ ከ2008ቱ ሕግ ወዲህ ቦታውን ለሁሉም ቤተሰብ ክፍት አድርጋለች። በሜሪላንድ በኩል ነፃው ቦታ ቅድሚያ የሚሰጠው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ነው። ሁለት ሥራ እየሠራ ከዚያ መስፈርት ትንሽ ከፍ ያለ አባት የሕፃን መዋያ የሚከፍለው ከቤት ኪራዩ ጋር የሚፎካከር ነው። ዲሲ የምትኖረውን እህቱን «የመብራቱን ቢል በስሜ አዙሪልኝ» የሚላት ያን ጊዜ ነው።

ዲሲ ግን ይህን በዋዛ አታልፍም። የከተማዋ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነዋሪ ሳይሆኑ ልጅ ያስመዘገቡ ወላጆችን ያልከፈሉትን ሦስት እጥፍ እስከ መጠየቅ ድረስ ከሷል። ጥቆማ መቀበያ ስልክም አለ። ጠቋሚው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያውቅህ ሰው ነው።

* * *

በአክስቱ አድራሻ የሚማረው ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው። መኪናው ውስጥ እናቱ ታስጠናዋለች። «ቤትህ የት ነው?» ይነግራታል፤ የአክስቱን የመንገድ ስምና ቁጥር ሳይሳሳት ይወጣዋል። «ማታ የት ነው የምታድረው?» ሲባል ዝም ብሎ ፊቷን ያያል።

ጓደኛውን ልደቱ ላይ ቤቱ መጥራት አይችልም። መምህርቷ «የሰፈራችሁን ካርታ ሳሉ» ስትል የሚስለው የማያውቀውን ሰፈር ነው። እኔ ይህ ለሕፃን ይከብዳል ብዬ አምናለሁ፤ ወላጆች ከሚያስቡትም በላይ ይከብዳል። መያዝ አለመያዝ ሌላ ጉዳይ ነው። ልጁ ግን ባይያዝም በየቀኑ ይጠነቀቃል።

* * *

አገራችን ዘመድ ቤት ሆኖ መማር የተለመደ ነው። ከገጠር የመጣ ተማሪ ወረዳ ከተማ አክስቱ ዘንድ ይቀመጣል፤ ስንቁ በየሳምንቱ ከቤት ይላክለታል፤ ውኃ ይቀዳል፣ ይላላካል፣ ማታ በኩራዝ ያጠናል። ዛሬ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከሚኖሩት የዕድሜ ባለጸጎቻችን መካከል በዚህ መንገድ የተማሩ ጥቂት አይደሉም። ለዚህም ይመስለኛል ብዙዎች የአክስትን አድራሻ መስጠት ወንጀል መሆኑ ለመቀበል የሚቸግራቸው።

ነገር ግን የያኔዋ አክስት የሰጠችው ወረቀት አልነበረም። መደብ ሰጠችው፣ አበላችው፣ ሲያጠፋ ቆነጠጠችው። የዲሲም ሕግ ቢሆን ልጅን በእርግጥ ወስዳ የምታሳድግ አክስት ተገቢውን ቅጽ ሞልታ በራሷ አድራሻ እንድታስመዘግብ ይፈቅዳል። የሚጠይቀው ልጁ የሚያድርበትን ነው። ይህ ጥያቄ ለእኛ ባዕድ ሊሆን አይገባም።

* * *

ዲሲ ውስጥ ለሚኖር ሰው ከዞኑ ውጭ መማር በሕግ የተፈቀደ ነው፤ መንገዱ ሎተሪው ነው። ማይ ስኩል ዲሲ ይባላል፤ በአማርኛም መረጃ ይሰጣል። አንድ ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ልጅ እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ይመርጣል። የሃይስኩሉ ማመልከቻ የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ የታናናሾቹ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት በወገኖቻችን ዘንድ ሲደጋገም አያለሁ። አንደኛው፣ ማመልከቻው በተከፈተ ሌሊት ተቀምጦ መሙላት ነው። ከቀነ ገደቡ በፊት እስከገባ ድረስ ቀድሞ መሙላት ምንም ብልጫ አያሰጥም፤ ዕጣው በቀን ተራ አይወጣም። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ «ያኛው አይደርሰንም» ብሎ የማይወዱትን ትምህርት ቤት አንደኛ አድርጎ መጻፍ። የሎተሪው ስልት የተቀረጸው እውነተኛ ምርጫውን በቅደም ተከተል የጻፈ ሰው እንዳይጎዳ ተደርጎ ነው፤ አልቪን ሮዝ በ2012 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት የጥናት መስክ ይኸው ነው። ልባችሁ የፈለገውን አንደኛ ጻፉ። ሁለተኛ የጻፋችሁት ላይ ያላችሁ ዕድል በዚህ አይቀንስም።

ከመዋለ ሕፃናት ጀምሮ በዞናችሁ ያለው ትምህርት ቤት የተረጋገጠ ቦታችሁ ነው፤ ሎተሪ አያስፈልገውም። በፕሪ-ኬ ግን የዞኑ ነዋሪም ዕጣ ይጠብቃል። ይህን ባለማወቅ ቀኑ ያለፈባቸው ብዙ ናቸው።

* * *

በየካቲት 2018 የዲሲ ትምህርት ቤቶች ዋና ኃላፊ አንትዋን ዊልሰን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ልጃቸው ከ600 በላይ ተማሪ ተጠባባቂ ወደነበረበት ሃይስኩል ከሎተሪው ውጭ መግባቷ ታውቆ ነው። ነገሩን ያመቻቹት የትምህርት ምክትል ከንቲባዋ ጄኒፈር ናይልስም ለቀቁ። ዊልሰን ራሳቸው ባለሥልጣናት ለልጆቻቸው እንዲህ ያለ ልዩ ዝውውር እንዳያገኙ የሚከለክለውን ደንብ ካወጡ ገና ብዙ ወር አልሆናቸውም ነበር።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው 600ዎቹ ናቸው። እያንዳንዳቸው ስም፣ ዕድሜና የሚጠብቅ ወላጅ አላቸው። በሰው አድራሻ የተያዘ ቦታም ቢሆን ከዚህ ሰልፍ ላይ የተነሣ ነው፤ ሰልፉ ላይ ካሉት ደግሞ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ የሚኖሩ፣ ከእኛ የባሰ የተቸገሩ ቤተሰቦች ይገኛሉ። የምትዋሽ እናት ወንበዴ አይደለችም። ልጇ የተቀመጠበት ወንበር ግን የሌላ ልጅ ተራ ሊሆን እንደሚችል ልንነግራት ይገባል፤ ወዳጅነት ያስገድደናል።

* * *

የካንሳሷ ቶፒካ ነዋሪ ኦሊቨር ብራውን ባቡር ኩባንያ ውስጥ ብየዳ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ሊንዳ ከቤቷ ሰባት ብሎክ ርቆ የሚገኘው ሰምነር ትምህርት ቤት እያለ፣ ጥቁር በመሆኗ በባቡር ሐዲድ መካከል አልፋ አውቶቡስ ይዛ ሞንሮ ወደሚባለው ትሄድ ነበር። በ1950 አባትየው እጇን ይዘው ሰምነር ሊያስመዘግቧት ሄዱ፤ አልተቀበሏትም። በግንቦት 17 ቀን 1954 በዘር የተለያየ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሕገ ወጥ ነው ያለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በስማቸው ተጠራ። እኚህ አባት ያደረጉት «አይመለከትህም» የተባሉበት ትምህርት ቤት ልጃቸውን ለማስመዝገብ መሞከር ነው። በእውነተኛ ስማቸውና በእውነተኛ አድራሻቸው ሄዱ።

* * *

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የሃይስኩል ዞን ጭቅጭቅ የለም። ከተማዋ በ1971 የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቿን በሙሉ ቲ.ሲ. ዊሊያምስ በሚባለው አንድ ትምህርት ቤት ሰበሰበች፤ ስሙ በ2021 ተቀይሮ አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ሆኗል። በኦልድ ታውን ውድ ቤት ውስጥ የሚያድገውም፣ ብዙ ሐበሻ በሚኖርባቸው ረጃጅም የኪራይ ሕንፃዎች የሚያድገውም በአንድ ትምህርት ቤት ስም ይመረቃል። ትምህርት ቤቱ ትልቅ ነው፤ ችግርም አያጣውም። ከዚያ ከተማ ግን የሃይስኩል ልጁን በውሸት አድራሻ ስላስመዘገበ ወላጅ ሰምቼ አላውቅም።

* * *

አዲስ ለገቡ ቤተሰቦች ይህ ይነገርልኝ። ቤት አጥተው ወይም በገንዘብ ችግር ምክንያት ዘመድ ቤት ተዳብለው የሚኖሩ ልጆች፣ ማኪኒ-ቬንቶ በተባለው የ1987 የፌዴራል ሕግ ልዩ ጥበቃ አላቸው። የኪራይ ውል ወይም የመብራት ቢል ባይኖራቸውም ትምህርት ቤቱ ወዲያውኑ ሊያስገባቸው ይገባል። ቤት ቢቀይሩ እንኳ ለልጁ እስከበጀ ድረስ በቀድሞው ትምህርት ቤታቸው የመቆየትና መጓጓዣ የማግኘት መብት አላቸው። በየዲስትሪክቱ ለዚህ የተመደበ ሠራተኛ አለ። በሰው ቤዝመንት አራት ሆነው የሚያድሩ ቤተሰቦች በሕጉ ሊሸፈኑ ሲችሉ፣ አፍረው ወይም ፈርተው የተዋሱትን አድራሻ ይጽፋሉ።

የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውም ቢሆኑ አይፍሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 በፕላይለር ክርክር ልጆቹን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ማገድ እንደማይቻል ወስኗል።

* * *

መስመሮቹ ለዘለዓለም የተሰመሩ አይደሉም። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ አዲሱን ክራውንና እንደገና የሚከፈተውን ዉድዋርድ ሃይስኩል ምክንያት አድርጎ ዞኖቹን እንደገና ማጥናት ጀመረ። እንዲህ ባሉ ስብሰባዎች ተነሥተው የሚናገሩት በአብዛኛው ባለ ቤቶች ናቸው፤ የቤታቸው ዋጋ አብሮ ስለሚነካ መንገድ በመንገድ ይከራከራሉ። በዚያ ሰዓት የእኛ ሰው ታክሲ ላይ ወይም ፓርኪንግ ውስጥ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ አስተያየት በጽሑፍ መላክም ይቻላል። ከቅዳሴም ሆነ ከጁምዓ በኋላ፣ በዕድር ስብሰባም ላይ ማስታወቂያ ሲነበብ፣ የእነዚህ ስብሰባዎች ቀንና ሰዓት አብሮ ይነበብ።