በጀውሃ መንገድ ላይ ያየነው ውሃ

የሰው ልጅ ከስሜት ሕዋሳቱ ሁሉ አብልጦ የሚያምነው ዓይኑን ነው። በጆሮው የሰማውን ወሬ ሊጠረጥር ይችላል፤ «በዓይኔ በብረቱ አየሁት» ካለ በኋላ ግን ክርክሩ ያበቃል፤ ሽማግሌም ሆነ ዳኛ ይህን ቃል በቀላሉ አይጥለውም። እኛም በወጣትነታችን ዘመን በዚሁ ቃል እንመካ ነበር። ይህን እምነታችንን ያናወጠው አንድ የግንቦት ቀትር ነው፤ ቦታውም በይፋት ቆላ፥ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነው።

ከደብረ ብርሃን በማለዳ የተነሣነው በጭነት መኪና ነበር። ጣርማ በር ዋሻ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ስለ ነበረ ጋቢያችንን እስከ ጆሮአችን ተከናንበን ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፥ ከደብረ ሲናም ወደ ቆላው ሲወርድ፥ የለበስነው ልብስ አንድ በአንድ ከላያችን ተገፈፈ። ደጋ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ቁልቁለት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የመሻገር ያህል ነው። ሸዋ ሮቢትን አልፈን ጥቂት እንደ ተጓዝን መኪናው እንፋሎት መትፋት ጀመረና ቆመ። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ገደማ ነበረ። ነፋስ የለም፤ የግራሩም ጥላ ከግንዱ ሥር እምብዛም አይርቅም።

ተሳፋሪዎቹ እኛ፥ አንዲት እናት ከአራት ዓመት ልጅዋ ጋር፥ ሽርጥ ያገለደሙ አንድ የአገሩ ሽማግሌም ነበርን። የቀረው ውሃ ግማሽ ጀሪካን ብቻ ነው። ሞተሩ እስኪበርድ ከተጠበቀ በኋላ ሹፌሩ ውሃውን ራዲያተር ውስጥ ይጨምረው ወይስ ለመጠጥ ያቆየው እንደ ሆነ ማመንታት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ወደ ፊት ብንመለከት፥ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን ርቀት ላይ ውሃ መንገዱን አቋርጦ ተኝቷል። ይንቀጠቀጣል፥ ያብለጨልጫል፤ የዳር ግራሮችም መልካቸው በውስጡ ተገልብጦ ይታያል። የጀውሃ ወንዝ በዚያ አቅጣጫ እንደሚገኝ አስቀድመን ሰምተን ስለ ነበረ ነገሩ ጥርጥር የሌለበት መሰለን።

«ወንዙ እዚያው እየታየ ምን ያሰስትሃል? ጨምረው፤ እኔ ሄጄ ቀድቼ እመጣለሁ» አልነው።

ሽማግሌው በእጃቸው ዓይናቸውን ጋርደው ተመለከቱና፥ «ተው የኔ ልጅ፥ ያ ውሃ አይደለም። ቀትር ነው የሚያብለጨልጨው። ወንዙ ገና ሩቅ ነው» አሉ።

«አባቴ፥ በዓይኔ በብረቱ እያየሁት!» አልን።

ሹፌሩ አንድ ጊዜ የሽማግሌውን ሽርጥ፥ አንድ ጊዜ የእኛን ኮትና በብብታችን የያዝነውን ደብተር አየ። ከዚያም ለተማረው ፈረደ። ውሃው ተጨመረ፤ ነገር ግን ከሥር ያለው የጎማ ቱቦ ተቀድዶ ኖሮ፥ የገባው ሁሉ በሞተሩ ሥር ፈስሶ፥ ዓይናችን እያየ አስፋልቱ ላይ ደረቀ።

ባዶውን ጀሪካን ይዘን ወደ ውሃው ሄድን። ሩብ ሰዓት ያህል ብንጓዝ ውሃው አልቀረበም። እኛ በተራመድን መጠን እርሱም ይሸሻል፤ ቅድም ውሃ ካየንበት ስፍራ ስንደርስ ያገኘነው የጋለ አስፋልት ብቻ ነበረ። ዘወር ብንል በእኛና በመኪናው መካከልም ውሃ ተኝቷል፤ መኪናው በሐይቅ ውስጥ የቆመ ይመስላል። በዚያ ሐይቅ ውስጥ በደረቅ ጫማ አልፈን ተመለስን። ልጁ ሲያለቅስ ቆይቶ ማልቀሱን ትቶ ነበር፤ ዝም ማለቱም ከልቅሶው ይልቅ አስፈራን። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከደሴ በኩል የመጣ መኪና ቆሞ ውሃ ሰጠን። እናቲቱ ልጅዋን ካጠጣች በኋላ ጣሳውን ወደ እኛ ዘርግታ፥ «እርስዎም ይጠጡ እንጂ፤ በፀሓይ ሲሄዱ ነበር» አለች። ቢወቅሱን ይሻለን ነበር። ሽማግሌው ግን ስለ ነገሩ አንድ ቃል ሳይጨምሩ መቍጠሪያቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንናዘዝ ይገባናል። የብርሃንን መጕበጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፈናል። አስፋልቱን የነካው አየር ከበላዩ ካለው ይልቅ እጅግ ስለሚሞቅ ይሳሳል። ከሰማይ ዘንበል ብሎ የሚወርደው ብርሃን ወደዚህ ስስ አየር ሲቃረብ መንገዱ ይጎብጥና፥ መሬቱን ሳይነካ ሽቅብ ታጥፎ ከዓይናችን ይደርሳል። እንግዲህ በመንገዱ ላይ ያየነው የሰማይ ቁራጭ ነበረ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ዓይናችን አልዋሸንም። የተሳሳተው አንጎላችን ነው። እርሱ ብርሃን ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ እንደ ተጓዘ አድርጎ ይፈርዳልና፥ ከታች የመጣ የመሰለውን በታች ያኖረዋል፤ ሰማይ በምድር ላይ ሲታይ፥ ዛፍም ተገልብጦ ሲቆም ደግሞ በሕይወቱ ሁሉ የሚያውቀው በውሃ ዘንድ ነው። ስለዚህ «ውሃ» ብሎ ሰጠን። የጥማችንና የሰማነው ወንዝ ምስክርነት ተጨምሮበት ነገሩ ጸና።

ዐረቦች ይህን «ሰራብ» ይሉታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1798 ዓ.ም. ናፖሊዮን ግብፅን በወረረ ጊዜ በጥም የተቃጠሉት ወታደሮቹ በበረሃው ላይ ሐይቅ እያዩ ተታልለዋል፤ አብሮ የዘመተው የሒሳብ ሊቅ ጋስፓር ሞንዥ ምክንያቱን መርምሮ ጻፈ። ከእርሱ ስምንት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ኢብን አል ሐይሰም በካይሮ ሆኖ፥ አየን ከምንለው ነገር ብዙው እኛ ሳናውቀው በፍጥነት የሚፈጸም ፍርድ መሆኑን አስረድቶ ነበር።

አንባቢም በደጁ ሊፈትነው ይችላል። ሙሉ ጨረቃ በምሥራቅ፥ በአፋር ሜዳ በኩል ስትወጣ ምጣድ ታክላለች፤ እኩለ ሌሊት ላይ ግን ታንሳለች። ክንዱን ዘርግቶ በትንሿ ጣቱ ጥፍር ሁለቱን ጊዜ ቢጋርዳት፥ ያው ጥፍር እኩል ይሸፍናታል። የምክንያቱን ነገር ሊቃውንት እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙበትም። የሚገርመው ግን ይህን ማወቃችን ጨረቃይቱን አለማሳነሱ ነው።

እንዲሁም ዴሬጎቭስኪ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1972 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያሳተመውን ጥናት እናስታውሳለን። የተደረገው በአገራችን በደቡብ ምዕራብ፥ ሥዕል ብዙም ባልደረሰባቸው የሜኒት ሰዎች ዘንድ ነው። ወረቀት ለእነርሱ እንግዳ ዕቃ ስለ ነበረ፥ ሥዕል ያለበት ገጽ ሲሰጣቸው ሥዕሉን ትተው ወረቀቱን ይዳብሱና ያሸቱ ነበር። የእንስሳት ሥዕል በጨርቅ ላይ ታትሞ ሲቀርብላቸው ግን ብዙዎቹ፥ ክፍል በክፍል እየመረመሩ፥ ቀስ በቀስ ለይተውታል። ይህን የሚያነብ የከተማ ሰው ፈገግ ይል ይሆናል። እኛ ግን ፈገግ ማለት አልቻልንም፤ እነርሱ ያልለመዱትን ወረቀት በጥንቃቄ ሲመረምሩ፥ እኛ ያልለመድነውን መንገድ አንድ ጊዜ ብቻ አይተን የሕፃን ውሃ አስፈስሰናልና። ሽማግሌው ስለ ብርሃን መጕበጥ አልተማሩም ይሆናል። ያዩትም እኛ ያየነውኑ ነው፤ ልዩነቱ ዕድሜ ልካቸውን በዚያ መንገድ በእግራቸው ሲመላለሱ፥ በቀትር የሚታየው ውሃ ስንት ጊዜ እንደ ሸሻቸው ማስታወሳቸው ነው።

በቅርቡ በአውቶቡስ ስንጓዝ በዚያው ስፍራ በቀትር አለፍን። ውሃው እንደ ቀድሞው መንገዱን አቋርጦ ተኝቶ ነበረ፤ ግራሮቹም ተገልብጠዋል። ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጠን ስለ ነበረ በስልካችን ፎቶግራፍ አነሣነው፤ ብርሃኑ በእውነት ስለሚመጣ ፎቶግራፉም ላይ ወጣ። ከጎናችን የተቀመጠ ተማሪ ወደ ስልኩ ጐንበስ ብሎ ተመለከተና፥ «ጋሼ፥ ይህ ወንዝ ማን ይባላል?» ሲል ጠየቀን።