ጓሮው ባዶ ይሁን

የወንጀል ቦታ ሁለት ጊዜ ይጠፋል። መጀመሪያ በአጥፊው፣ ቀጥሎ ደግሞ መኖር ግድ በሆነባቸው ሰዎች እጅ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው መርማሪ እስኪመጣ ሜዳ ላይ አያድርም፤ አመዱን ጠርጎ ቆርቆሮ ይመታል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትነድ፣ ጥፋቱ ለሸዋ ሮቢትም ሲተርፍ ያየነው ይህንኑ ነው።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ሮቢት ያለችው አክስቴ ቤቷን ሳታጸዳ ጎረቤት በስልክ ያነሳቸውን ፎቶዎች ሰብስቤ የስሪዲ ሞዴል ሠራሁ። ዘዴው ፎቶግራሜትሪ ይባላል። ፕሮግራሙ አንዱን ነጥብ፣ የበሩን ማዕዘን በለው፣ ከብዙ ፎቶዎች ላይ ለቅሞ ካሜራው የት እንደቆመ ያሰላል። መጠን ግን አያውቅም፤ ቤቱ ለእሱ የክብሪት ቀፎም ሊሆን ይችላል። ልኩን የሰጠኝ ብሎኬት ነው። 40 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል ብዬ ስነግረው ቤቱ ቤት አከለ።

ነገሩ የኮምፒውተር ጨዋታ አይደለም። በዚያው ዓመት ከትግራይ ማኅበረ ደጎ የወጣው የግድያ ቪዲዮ የት እንደተቀረጸ የታወቀው፣ መርማሪዎች የገደሉን አፋፍ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው ነው።

ቦታ ከተገኘ ሰዓት ይቀራል። ፎቶ ቴሌግራም ላይ ሲዞር የተነሳበት ሰዓት ይራገፋል፤ የሚቀረው ጥላ ነው። ጭሱ ገና እየወጣ በተነሳው ፎቶ ላይ ግን ግድግዳው ጥላ አልነበረውም። ሮቢት ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ናት፤ በሚያዝያ 8 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 አካባቢ፣ ፀሐይ ልክ አናቷ ላይ ትሆናለች። ጥላ ማጣቱ ራሱ ሰዓት ነገረኝ።

አክስቴ ስትሰማ ሳቀች። «ፀሐይ አናት ላይ ነበረች ብዬህ የለ? ማሽን እስኪመሰክርልኝ ነው የጠበቅኸው?»

ከዚያ ስክሪኑን ትክ ብላ አየች። «ሎሚዬስ? ጓሮ ነበረ እኮ።»

ጓሮውን ያነሳ ፎቶ የለም። «አይቻልም፣ እቴቴ» አልኳት።

«ቤቱን ከነሙሉው ሠርተህ አንድ ሎሚ አቃተህ?»

ዛፍ መትከልማ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ቀን ይህን ፋይል የሚከፍት ዳኛ ካለ፣ በልቤ የተከልኩት አንድ ሎሚ የለካኋቸውን ብሎኬቶች ሁሉ ያስጠረጥራል። ጓሮውን ባዶ ተውኩት፤ እሷም ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ።