ከበረዶው በኋላ የሚመጣው ሰው

ዛሬ ከቢቸና በኩል የተሰማውን ሰምታችኋል። ለአጨዳ የደረሰ ጤፍ በአንድ ከሰዓት በረዶ መሬት ላይ ተነጠፈ። እሱ ሳያንስ አንድ የማከብረው ወዳጄ «የተፈጥሮ ጉዳይ ነው፣ ፖለቲካ አታድርጉት» ብሎ ጻፈ። ወንድሜ፣ በዚህ አገር ዝናብና መንግሥት መቼ ተለያይተው ያውቃሉ? አባቶቻችን ሲተርቱ እንኳ አንድ ላይ ነው ያሰሯቸው፦ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

ጎጃም ግን ከስሶ ያውቃል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ሞጣና ቢቸና «መሬታችን አይለካም» ብለው ተነሡ። (የቢቸና ልጆች፣ ቆዩ፣ አትፎክሩ፣ ገና አልጨረስኩም።) አውሮፕላን ተላከባቸው። በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ የግብሩ ውዝፍም ተማረ። ያን ሕዝብ ያስነሣው ድርቅ አልነበረም፤ ከጎተራው ሊወስድ የመጣ እጅ ነው።

እርዳታ ማጣትም አይደለም የሚያስነሣን፤ እኛ ሰዎች መንግሥት ባይረዳንም እንችላለን። ከሞጣ በታች ያለውን ሰባራ ድልድይ አስቡት። ዓባይ ላይ በፋሲል ዘመን ተሠርቶ በጣሊያን ጊዜ ቅስቱ ተቆረጠ። ጃንሆይ ከስደት ተመለሱ፣ ወረዱ፤ ደርግ መጣ፣ ሄደ። ሰዉ ግን ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ እየተጎተተ ተሻገረ። በዚያ ድልድይ ምክንያት የወደቀ መንግሥት የለም።

ከጎተራ ስለሚወስድ እጅ ካነሣሁ አይቀር፣ እስከ ዛሬ የሚያበሽቀኝን ልንገራችሁ። አንድ ዓመት እንዲሁ በረዶ መትቶን ነበር። አክስቴ አውድማዋ ላይ የምትወቃው አልነበራትም። ብዙም ሳይቆይ የማዳበሪያ ዕዳ ሰብሳቢዎች መጡ። ጠላ ቀድታ አቀረበችላቸውና «ልጆቼ፣ እግዜር የወሰደውን ወሰደ፤ ለከርሞ አድርጉልኝ» አለች። አንደኛው መዝገቡን ገለጠና «እማማ፣ እዚህ ላይ በረዶ የሚል ቦታ የለም» አላት። ክፉ ልጅ አልነበረም። እውነቱን ነው፣ ቦታ አልነበረውም። ጊደሯን ሸጣ ከፈለች። በረዶውን ከዚያ ወዲያ አንሥታው አታውቅም፤ ያቺን ንግግር ግን እስክትሞት ድረስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትነግር ነበር።

የወሎ ረኃብም እንዲሁ ነው። ዝናቡን ያስቀሩት ጃንሆይ ናቸው ያለ ሰው አልነበረም። የተከሰሱት በዝምታው ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው በ1965 የረኃቡን ፎቶ እስኪያሳዩ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢም ፊልሙን ለእንግሊዝ ሕዝብ እስኪያቀርብ ድረስ መንግሥት ረኃቡን ሸፋፈነው። ደርግ ይህ ገብቶት ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየ፣ በማግሥቱ ንጉሡን አወረደ። ይህ ሁሉ የገባው ደርግ ራሱ በ1977 መግቢያ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አዲስ አበባን ሲያስጌጥ ኮረም ላይ ሰው በረኃብ እያለቀ ነበር! ደርግን የጣለው ጦርነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን በዓሉ ሲከበር ልጁን የቀበረ ሰው «አገርህን አድን» ተብሎ ሲጠራ በምን ልቡ ይነሣ?

ስለዚህ ወዳጄ፣ «ፖለቲካ አታድርጉት» የሚለውን ለእኛ አትንገረን። መዝገብ ይዞ ለሚወጣው ንገርልን። ዘንድሮ በረዶ የመታው ገበሬ ዕዳው ለከርሞ ይሻገርለት። ጉዳቱን የሚገምተው ሰው ከሰብሳቢው ቀድሞ ይድረስ። በመዝገቡም ላይ ለበረዶ ቦታ ይውጣለት፤ አንድ መስመር ነው፣ ከዚያ በላይ አልጠየቅንም።