ይለካልን አልን

መቼም ፍሬን ሲጮህ ሬዲዮ የሚያስጮኸው ብዙ ነው። አባባ ከደጀን አዲስ አበባ ጤፍ የሚያመላልስባት ፒካፕ ፍሬን ሲያዝ ከኋላ መጮህ ጀመረች። የጋራዡ መካኒክ ጎማውን ፈትቶ «ሸራውን ቀይሩ፤ ዲስኩን ቶርኖ ቤት እናስልጠው» አለን። ርካሽ ነው፤ ያጓጓል። እኛ ግን መጀመሪያ ይለካልን አልን። ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት ተጽፏል፤ የኛው እዚያው ደርሷል። ቢላጥ ይሳሳል፤ የሳሳ ዲስክ ደግሞ ቶሎ ይግላል። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው፤ ያውም ከነጭነት!

እናላችሁ፣ ግራና ቀኙን፣ ዲስክም ሸራም በአዲስ አስቀየርን። የወሩ አስቤዛ ሄደ። አባባ «ያልጮኸውን ጎን ለምን ነካችሁት?» ብሎ ተቆጣ። አንዱ ጎማ ይዞ ሌላው ከለገመ መኪናዋ ወደ ጎን ትስባለች ብለን አስረዳነው። በማግስቱ ጭኖ ወረደ፤ ድልድዩን ሲሻገር ደወለልን።